እጥበት ላይ ያለ ሰውም ከጉበት ቫይረስ ይድናል



ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በኪኒን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት፣ ከሰውነት ጨርሶ የሚጠፋ በሽታ ሆኗል። ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በእጥበት የሚኖር ሰውም ከዚህ ፈውስ አልተከለከለም። ይህን በአደባባይ መናገር ያስፈለገኝ፣ ብዙ ቤተሰብ «እጥበት ላይ እያለ ጉበቱ ላይ ቫይረስ ተገኘበት» ሲባል በሽተኛው ሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት ስለሚመስለው ነው። ውጤቱን ከገዛ ወንድሙ የሚደብቅ አለ። «ኩላሊቴ በማይሠራበት የጉበት መድኃኒት ብውጥ መርዝ ይሆንብኛል» ብሎ ሕክምናውን ሳይጠይቅ የሚተውም አለ። ፍርሃቱ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ሐኪሞች ራሳቸው ተመሳሳይ ነገር ይሉ ነበር። ዛሬ ግን ያ ምክር ጊዜው አልፎበታል።

እጥበቱን በቅርብ ላላያችሁት ባጭሩ ልግለጸው። የሕመምተኛው ደም በአንድ መርፌ ከክንዱ ይወጣል፣ በማጣሪያው ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ መርፌ ይመለሳል። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ስለሚዞር በአራት ሰዓት ውስጥ 70 ሊትር ገደማ ያልፋል፤ ያው አምስት ሊትር የሚሆነው ደም ደጋግሞ እየዞረ ማለት ነው። የሚመከረው በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሆንም በአገራችን በአቅም ምክንያት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠበው ብዙ ነው። ሁለት ጊዜ ቢሆን እንኳ በዓመት 104 ጊዜ ይሆናል፤ ክንዱ ላይ በተሠራለት ፊስቱላ በሚባል የደም ሥር መገናኛ ለሚታጠብ ሰው ከ200 በላይ መርፌ። ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞንም ስለሚሠራ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ያንሰዋል። ሆርሞኑን ተክቶ የሚሰጠው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ውድ ስለሆነ ወይም ስለማይገኝ ብዙዎች ደም መውሰድ ግድ ይሆንባቸዋል። በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ከዚህ የሰፋ በር የትም አያገኝም።

ቀድሞ ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ ለእጥበት የሚሄድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ቤት መከራየት ነበረበት። ከብቱንም መሬቱንም የሸጠ ቤተሰብ ነበር። አገልግሎቱ ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ መገኘቱ፣ ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ የተነሣ ሰው ታጥቦ በዚያው ቀን ቤቱ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።  

ታዲያ በእጥበት ክፍል ውስጥ ቫይረሱ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል? ብዙ ሰው ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ያደርገዋል። ደሙ የሚያልፍበት ቱቦ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው፤ ወደ ማሽኑ የውስጥ አካል ደም አይገባም። በተለያዩ አገሮች በእጥበት ክፍሎች ወረርሽኝ ተነሥቶ መንስኤው ሲመረመር ጣት የሚቀሰረው ደጋግሞ ወደ ሌላ ነገር ነው፦ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሳይቀየር ወደሚሄድ ጓንት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ለብዙ ሰው ወደሚቀዳበት አንድ ብልቃጥ፣ ከአልጋ አልጋ ወደሚገፋ የመድኃኒት ጋሪ፣ በሁለት ተራ መካከል በጥድፊያ ወደሚታለፍ የወንበር ክንድ። በዐይን የማይታይ የደም ጠብታ ይበቃል። በላብራቶሪ ሲፈተሽ፣ በደረቀ የደም ጠብታ ውስጥ ያለው ቫይረስ ሳምንታት ቆይቶ የመያዝ ኃይሉን እንዳልለቀቀ ታይቷል። በትክክል የተበጠበጠ በረኪና ግን ይገድለዋል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም፤ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመሳሳም፣ በአንድ አልጋ በማደርም አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ መሆን አለበት፤ ደም ሊነካቸው ስለሚችል ነው። ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይታችሁ ያስቀመጣችሁለት ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ መልሳችሁ ከሌላው ጋር ደባልቁት። የቤተሰብ መራቅ ሰውን እንደሚያደክም በዐይናችሁ ያያችሁት ነው።

አሁን ስለ ይሉኝታ ልናገር፤ በእኔ እምነት ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው ጉዳይ ይህ ነው። እጥበት ክፍል የምትሠራ ነርስ ጥፋተኛ አይደለችም። በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ሰው ትከታተላለች፤ የአንዱ ማሽን ይጮኻል፣ የሌላው የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሦስተኛው ያስመልሰዋል። ለመሮጥ የተገደደች ሰው ጓንት መቀየር ልትረሳ ትችላለች። ይህን የሚያየው ሕመምተኛው ነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ ተጋድሞ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ነገር ግን ሕይወቱን የያዘችለትን ሲስተር «ጓንትሽን ቀይሪልኝ» ማለት ድፍረት ይመስለዋል፤ ትቀየመኛለች ብሎ ይፈራል፤ ነገም በእሷ እጅ ነውና ዝም ይላል። እኔ የማዕከላት ኃላፊዎችን የምለምነው ይህንን ሸክም ከሕመምተኛው ጫንቃ ላይ እንዲያነሡ ነው። «ጓንት ተቀይሯል ወይ? እጅ ታጥቧል ወይ? ብላችሁ ጠይቁን» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በሲዳምኛ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኃላፊው ራሱ በአዲስ ሕመምተኛ ፊት ለነርሷ ይህንኑ ይናገር። ያን ጊዜ ጥያቄው ነቀፋ መሆኑ ይቀርና የሥራው አንድ ክፍል ይሆናል። ጓንቱና ሳሙናው ካልቀረበ፣ በሁለት ተራ መካከል ወንበር የሚጸዳበት ጊዜ ካልተሰጠ ግን ነርሷን መውቀስ ግፍ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ለብቻው በተለየ ማሽን ማጠብ። ለሄፓታይተስ ቢ ይህ ትክክል ነው፤ የቢ ቫይረስ በደም ውስጥ እጅግ ብዙ ሆኖ ስለሚገኝና በቀላሉ ስለሚጋባ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ማሽን ያስፈልገዋል፤ ክትባትም አለው። ለሄፓታይተስ ሲ ግን ኬዲጎ የሚባለው የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሕመምተኛውን መለየትንም፣ ማሽን መለየትንም አይመክርም። የሚመክረው ለሁሉም ሕመምተኛ እኩል የሆነ ጥብቅ ጥንቃቄን ነው። ማሽን መለየት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ «ቫይረስ ያለበት እዚያ ማዶ ነው» የሚል የውሸት እርጋታ ስለሚፈጥር በዚህ ማዶ ያለው ጥንቃቄ ይላላል፤ ምርመራው ገና ያልደረሰበት አዲስ የተያዘ ሰው ግን የተቀመጠው በዚህ ማዶ ነው። ሁለተኛ፣ ማሽን ጥቂት በሆነበት አገር ለሲ ብቻ የተያዘ ማሽን ሞላ ማለት ቀጣዩ ሕመምተኛ «ቦታ የለንም» ተባለ ማለት ነው። እጥበት የተከለከለ ሰው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። የሲ ቫይረስ ግን ለመግደል ሃያ ዓመት ይፈልጋል፤ እሱም ካልታከመ።

የቫይረሱ ጠባይ እንዲህ ነው። ከተያዙት ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ራሳቸው ያጠፉታል። በቀሪዎቹ ላይ ይሰነብታል፤ ከእነሱም ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በሃያ ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ ይጠነክራል፤ አንዳንዱም ወደ ካንሰር ይሄዳል። ሁላችንም የምናውቀው የዐይን ቢጫ መሆን፣ የወፍ በሽታ የምንለው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ አይታይም። ሕመምተኛው ቢደክመው ድካሙን ለኩላሊቱ ይሰጠዋል። በዚህ ላይ እጥበት የሚያደርግ ሰው የጉበት ኢንዛይሙ ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ «የጉበት ምርመራህ ደህና ነው» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም። ቫይረሱ ራሱ ኩላሊትን የሚያቆስልበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ቫይረሱን ያገኘው በእጥበት ሳይሆን፣ ወደ እጥበት ያመጣው ቫይረሱ ሊሆን ይችላል። ድሮ በመንደር መርፌ ወጊ የተወጋ፣ በዋግምት የታገመ፣ በጋራ መርፌ የተነቀሰ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

ስለዚህ ምርመራው የግድ ነው፤ እጥበት ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ። ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልግ ሲሆን፣ እሱ ከተገኘ ቫይረሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚለካው ሁለተኛው ይከተላል፤ ከኤችአይቪ ሕክምና የምናውቀው ዓይነት የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ለቲቢ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህ የተሠራው ካርትሪጅ ከቀረበለት ይህንንም ይሠራል። የመጀመሪያው ምርመራ ብቻ ተሠርቶ «አለብህ» መባል አይገባም። በአንድ ማዕከል ውስጥ ቀድሞ ነፃ የነበረ ሰው ላይ ቫይረሱ በአዲስ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ የግለሰቡ ነውር አይደለም፤ የማዕከሉ የአደጋ ደወል ነው። እዚያ የሚታጠቡት ሁሉ እንደገና መመርመር፣ አሠራሩም ከሥሩ መታየት አለበት።

ሕክምናው እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ላውራ። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ቫይረሱ አይታወቅም ነበር። ደም የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ሲታመም ሐኪሞች «ሄፓታይተስ ኤ አይደለም፣ ቢም አይደለም» ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ተመራማሪው ማይክል ሃውተንና የሥራ ባልደረቦቹ ቫይረሱን ለይተው አወጡት። በ2020 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለእሱና በዚሁ ቫይረስ ላይ ለሠሩት ለሃርቪ አልተርና ለቻርልስ ራይስ ተሰጠ። በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ለእጥበት ሕመምተኛ የጨለሙ ነበሩ። መድኃኒቱ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌና ሪባቪሪን የሚባል ኪኒን ነበር፤ እስከ 48 ሳምንት የሚዘልቅ። ኢንተርፌሮኑ ትኩሳትና ከባድ ድብርት ያመጣል። ሪባቪሪኑ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ከሌለ በሰውነት እየተከማቸ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፤ ለዚያውም ደሙ ባነሰበት ሰው ላይ። ከ1996 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው በበለጸጉ አገሮች የእጥበት ማዕከላት በተደረገ ትልቅ ክትትል፣ ቫይረሱ ካለባቸው ሕመምተኞች መድኃኒት ሲወስዱ የተገኙት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። «ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው የጉበት ቫይረስ መድኃኒት የለውም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው።

በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ሶፎስቡቪር በአሜሪካ ጸደቀ። ቫይረሱን ራሱን፣ መራቢያውን የሚዘጋ ኪኒን ነው። ዋጋው አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር ነበር። የእጥበት ሕመምተኛው ግን እንደገና በሩ ላይ ቀረ፤ የመድኃኒቱ ስባሪ በኩላሊት የሚወጣ ስለሆነ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይመከርም ተባለ። በሩን የከፈቱት በጉበት የሚወገዱ ሌሎች ኪኒኖች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የኤልባስቪርና የግራዞፕሬቪር ቅንጅት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግሌካፕሬቪርና የፒብሬንታስቪር ቅንጅት ጸደቀ። ይህ ሁለተኛው ከባድ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው 104 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ አብዛኞቹ እጥበት ላይ የነበሩ ሲሆኑ፣ ከመቶ 98ቱ ድነዋል። ሐኪሞች ሌላ አማራጭ በማጣት ለእጥበት ሕመምተኞች ሶፎስቡቪርን መስጠት ሲጀምሩም የተፈራው ጉዳት አልመጣም። ስባሪው በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሰውን ሲጎዳ አልታየም። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሶፎስቡቪር መድኃኒቶች እጥበት ላይ ላለ ሰው መጠናቸው ሳይቀነስ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ የኬዲጎ የ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያም ይህንኑ አጸና። ለእኛ ትልቁ ዜና ይህ ነው። እነዚያ ሁለቱ ቅንጅቶች ውድና በአፍሪካ በቀላሉ የማይገኙ ሲሆኑ፣ ሶፎስቡቪር ግን በሕንድና በግብፅ ፋብሪካዎች በርካሽ ይመረታል።

ግብፅን ካነሣሁ ትንሽ ልቆይባት። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ብዙ ዝርያ አለው፤ በኢትዮጵያ የሚበዛው ዝርያ 4 ነው፤ በግብፅም እንዲሁ። እዚያ ቫይረሱ የተሠራጨው ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቢልሃርዝያ በተደረገ የመርፌ ዘመቻ፣ በደንብ ሳይቀቀሉ ለብዙ ሰው በዋሉ መርፌዎች ነው። በዓለም ላይ በዚህ ቫይረስ ክፉኛ የተመታች አገር ሆነች። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ አዋቂውን ሕዝብ ሁሉ እመረምራለሁ ብሎ ተነሣ፤ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ተመረመረ፤ የተገኘባቸውም በአገሪቱ በተመረተ ኪኒን በነፃ ታከሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን የደመረ ሥራ የኢትዮጵያን ሥርጭት ከመቶ 3 ገደማ አድርጎታል። ሸክማችን ከግብፅ በጣም ያነሰ ነው። ዋጋውም ወርዷል፤ የሶፎስቡቪርና አብሮት የሚወሰደው የዳክላታስቪር የ12 ሳምንት መድኃኒት በ2023 እ.ኤ.አ. ለድሀ አገሮች በጅምላ ሲገዛ 60 ዶላር ያህል ነበር። ለእያንዳንዱ እጥበት ገንዘብ ለሚያወጣ ቤተሰብ ይህንንም ጨምር ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ነው መድኃኒቱ ከእጥበቱ ጋር እንደ አንድ አገልግሎት ተቆጥሮ በሕዝብ ገንዘብ መቅረብ አለበት የምለው። በመላው ኢትዮጵያ እጥበት ላይ ያለው ሰው ቁጥሩ ውሱን ነው፤ የት እንዳለ ይታወቃል፤ በሳምንት ሁለቴ በእግሩ ይመጣል። ከዚህ የሚቀል የመዳኛ ዘመቻ በጤና ሥራ ውስጥ አላውቅም። ኪኒኑን እጥበት ላይ በመጣበት ቀን ቆጥሮ መስጠት፣ መዋጡን ማረጋገጥ ይቻላል።

መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት ሐኪሙ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሁለቱም ቫይረስ ያለበት ሰው ሲው ሲጠፋ ቢው ሊነሣበት ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ኪኒኑን ከንቱ ስለሚያደርገው አብረው አይሰጡም፤ ቲቢ ላለበት ሰው የቲቢው ሕክምና ይቀድማል። ለሚጥል በሽታ የሚወሰዱት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ናቸው። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ከሶፎስቡቪር ጋር ሲወሰድ የልብን ምት ለአደጋ እስኪያደርስ ሊያዘገይ ይችላል። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው የጨጓራ ኪኒን ኦሜፕራዞል ደግሞ የአንዳንዶቹን ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሰጠውን ቅጠልና ሥር ለጊዜው ተዉት ስል የአባቶችን ዕውቀት መናቄ አይደለም፤ መጠኑ ያልታወቀ ነገር የተጎዳ ጉበትና የማያጣራ ኩላሊት ባለው ሰው ላይ የሚያደርገውን ማንም አስቀድሞ ሊናገር ስለማይችል ነው።

ኩላሊት ለመቀየር ተስፋ ያላችሁም አላችሁ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥል መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ያልታከመ ቫይረስ ይህን ሲያገኝ ይበረታል። ለጋሹ ተገኝቶ ምርመራው ወራት በሚወስድበት ጊዜ የ12 ሳምንቱን ኪኒን ጨርሶ ነፃ ሆኖ መግባት ይቻላል። «ቫይረስ አለብኝና አይቀየርልኝም» ብሎ ወንድሙን ወይም እህቱን «አትድከሙ» ያለ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ ያን ቃሉን ይመልስና ሐኪሙን ይጠይቅ።

መዳን የሚረጋገጠው የመጨረሻዋ ኪኒን ከተዋጠች ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረግ የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ያን ጊዜ ምንም ካልተገኘ ድኗል። ሁለት ነገር ግን ይቀራል። የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል፤ አንድ ጊዜ መያዝ ከሌላ ጊዜ አይከላከልም፤ ለሲ ክትባት ገና የለም። ስለዚህ እጥበቱ እስከ ቀጠለ ድረስ በየስድስት ወሩ መመርመር አለበት። ሌላው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ምርመራ፣ ፀረ እንግዳ አካሉን የሚፈልገው፣ በዳነ ሰው ላይም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ «አለ» ማለቱ ነው። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ አዲስ አበባ ሄዶ በሌላ ማዕከል መታጠብ የፈለገ ሰው፣ እዚያ በፈጣን ምርመራ ታይቶ «ቫይረስ አለብህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቫይረሱ እንደሌለ የሚያሳየውን የመጨረሻ ውጤት ከነቀኑና ከነማኅተሙ ተቀበሉ፤ ኮፒውን ከእጥበት ደብተራችሁ ጋር አኑሩ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት፤ ከሀዋሳ በወጣችሁ ቁጥር ይዛችሁት ውጡ፤ ሌላው ማዕከል ከተጠራጠረም እንዲደግም የምትጠይቁት የቫይረስ መጠን ምርመራውን እንጂ የመጀመሪያውን አይደለም።